ቶላ ከጣሪያው ሲወርድ

ልጆቼ፣ ይህ የሆነው ቫይበርና ኢሞ የሚባሉት ነገሮች ከመምጣታቸው በፊት ነው። ያኔ ከሳዑዲ አገር ቤት መደወል የፈለገ ሰው ወይ ካርድ ይፍቃል፣ ወይ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ በኢንተርኔት ይደውላል። በኢንተርኔት ሲሆን ይረክሳል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ግን እናት «ልጄ» ብላ ሳትጨርስ ድምጿ ይበጣጠስና ግማሹ ባሕር ላይ ይቀራል።

ቱቅባ፣ አሮጌው የኾበር ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ ላይ አራት የኛ ሰዎች አንድ ቤት ይኖሩ ነበር። ቤቱ በጋሽ ካሣ ስም ነው። ጋሽ ካሣ አል ራዋቢ የሚባል ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነው፤ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ የጸና፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ሳይቆጣ የሚፈራ ሰው። ሃሩን የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ቡፊያ በምትባል ትንሽ ምግብ ቤት ሳንድዊች ይጠቀልላል። አፉ አያርፍም፣ ልቡ ግን ክፉ አይደለም። ወንድምአገኝ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ተምሮ የመጣ ነው፤ ደማም፣ አል አዳማ ያለ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ይሠራል። ሃሩን «ኢንጂነር» ይለዋል። ግማሹ ፌዝ ነው፣ ግማሹ ኩራት።

አራተኛው ቶላ ነው። በየመን በኩል በባሕር የገባ፣ ወረቀት የሚባል ነገር በእጁ የሌለ ልጅ። ግንበኛ ነው፤ በተገኘበት ይሠራል። እንዲህ ያለ ሰው በስሙ ቤት አይከራይም፣ መንገድ ላይ ሲያድር ደግሞ የኢሚግሬሽን ፖሊሶቹ፣ ጀዋዛቶቹ፣ ጭነው ይወስዱታል። ጋሽ ካሣ ነው «እኔ ጋ ይደር፣ የሚመጣውን እኔ እመልሳለሁ» ብሎ ያስገባው። እንግዲህ ለቶላ ያ ቤት ጣሪያ ብቻ አልነበረም፤ አገሩ በሉት።

ቶላ የታፈነ ክፍል አይወድም። ከሥራ እንደገባ ፊቱን ታጥቦ ወደ ጣሪያው ይወጣል። እዚያ ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ልብሱን ያጥባል፣ ይሰግዳል፣ ከጎረቤቱ ሕንፃ ጣሪያ ልብስ ከሚያሰጡት ፓኪስታኖች ጋር በእጅ ምልክት ይጫወታል።

አንቴናውም እዚያው ጣሪያ ላይ ነው። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ከመንገድ ማዶ ካለ ሱቅ ነበር። የሱቁ ጣሪያ ላይ አንድ አንቴና፣ የእነሱ ጣሪያ ላይ ሌላ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከእነሱ አንቴና አንድ ገመድ በመስኮት ይገባና አውራ ጣት በምታክል መቀበያ ላይ ይሰካል፤ መቀበያዋ ኮምፒውተሩ ላይ። ኮምፒውተሩ ከታች ጥግ ላይ አምስት አረንጓዴ ዘንጎች ያሳያል። ዘንጎቹ ሲሞሉ መስመሩ ጠንካራ ነው፣ ሲጎድሉ ደካማ። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ሃሩን እንኳ ከሥራ ሲገባ ከሰላምታ በፊት «ስንት ነው ዛሬ?» ነው የሚለው።

አንድ ቀን መቀበያዋ ተቃጠለች። ወንድምአገኝ ከደማም ገበያ ሌላ ይዞ መጣ። ካርቶኑ ያው፣ ቀለሟ ያው፣ የተጻፈባት ስም ያው። ሲዲ ብቻ አልነበራትም። መቀበያ ደግሞ ያለ ድራይቨር አትሠራም። ድራይቨር ማለት ልጆቼ፣ አስተርጓሚ በሉት። መቀበያዋ የሰማችውን በራሷ ቋንቋ ትናገራለች፣ እሱ ለኮምፒውተሩ ያስረዳል። ሆስፒታል ሄዳችሁ ሆዳችሁን በሰው አፍ ለሐኪም ነግራችሁ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። አስተርጓሚው ከሳተ ሐኪሙ የሚቆርጠው ደኅናውን ነው።

ወንድምአገኝ የድሮዋን ሲዲ ከተተ። ኮምፒውተሩ «ይህ የእሷ አይደለም» አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ እምቢ አለ። ወንድምአገኝ ግን ብልሃት ነበረው። የድራይቨሩን ፋይል ከፈተና የድሮዋን መለያ ቁጥር አጥፍቶ የአዲሷን ጻፈበት። ኮምፒውተሩ ተታለለ፤ ተቀበለ። ዘንጎቹ በሩ፣ ስልኩ ሠራ።

«ኢንጂነር!» አለ ሃሩን እያጨበጨበ። «እምቢ ያለውን እንኳ አሳመንከው!»

ከዚያ ወዲያ ግን ዘንጎቹ መዋዠቅ ያዙ። ቀን ሞልተው ይውላሉ፣ ማምሻውን ይወርዳሉ። ዓርብ ጠዋት ይሞላሉ፣ ከጁምዓ መልስ ይወርዳሉ። ማምሻውንና ዓርብ ደግሞ ሁሉም ቤት ነው፤ አንዱ ሲደውል ሌላው ዘፈን ያወርዳል፣ መስመሩ ይንቀረፈፋል። ስለዚህ ዘንጎቹ የሚሉትና ሰው የሚያየው የተገጣጠመ መሰለ።

ወንድምአገኝ መንስኤውን መፈለግ ጀመረ። ገመዱን ቀየረ። ሱቁ ሄዶ ባለቤቱን ጠየቀው፤ ሰውየው «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ከእኔ በኩል ደኅና ነው» አለው። ከዚያ አንድ ነገር ልብ አለ። ዘንጎቹ የሚወርዱት ቶላ ጣሪያ ሲወጣ ነው። ቶላ ሥራ ሲሆን ይሞላሉ። ቶላ ወጣ፣ ጥቂት ቆየ፣ ወረዱ። አንድ ቀን ተከትሎት ወጣና ከበሩ ሥር ሆኖ ሲያይ፣ ቶላ በሁለት እጁ የአንቴናውን ብረት ይዟል፤ ከማዶ አንዱ ፓኪስታን እጁን ያወዛውዝለታል።

ለወንድምአገኝ ሒሳቡ በቃ ተዘጋ። አንቴናውን ወደ ጎረቤት ያዞራል፣ መስመራችንን ይሸጣል።

ዓርብ ዕለት ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ትሪው ሳይነሣ ተናገረ። በትሕትና ነው የጀመረው። «ቶላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትቀየመኝ» አለ። «ጣሪያ ላይ አንቴናውን ትነካለህ?»

«አዎ» አለ ቶላ፣ ምንም ሳይመስለው። «ነፋሱ ያጋድለዋል። ሳየው አቃናዋለሁ።»

«ማን አቃና አለህ?»

«ማን ይለኛል? የወደቀ ነገር አይቼ ዝም ልበል?»

«አንተ በነካኸው ቁጥር ሲግናሉ ይወርዳል።»

ቶላ ሳቀ። «እኔ እጄ ሲሚንቶ ነው እንጂ አስማት አይደለም።»

ሃሩን ጣልቃ ገባ። «ታዲያ ፓኪስታኖቹ ምን ይሉሃል? ሁልጊዜ እጅ መነሣሣት! ሙሽራ ልታገባ ነው?»

«ሰላም ነዋ የሚሉኝ!»

ጋሽ ካሣ እጁን አነሣ። «ሰው በጥርጣሬ አይያዝም» አለ። «ወንድምአገኝ፣ የምትለውን በዓይናችን ማሳየት ትችላለህ?»

«እችላለሁ ጋሼ። አሁን ስንት ነው? አራት ዘንግ። ቶላ ይውጣና ያቃናው፤ እናያለን።»

ቶላ ሳያመነታ ተነሣ። ሽርጡን አጥብቆ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ሦስቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተደረደሩ። ከላይ ብረት ሲንቋቋ ተሰማ። አራቱ ዘንግ ሦስት ሆነ። ጥቂት ቆየ። ሁለት ሆነ። እዚያው ቀረ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ ሃሩን ቀስ ብሎ።

ጋሽ ካሣ መነጽሩን አወለቀና በጋቢው ጫፍ ጠረገው፤ መልሶ ግን አላደረገውም።

ቶላ ከጣሪያው ሲወርድ የጫማው ኮቴ ከሩቅ ይሰማ ነበር። እየዘለለ ነው የሚወርደው። ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ሆኖ ላቡን እየጠረገ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ፣ «እሺ፣ ተስተካከለ?» አለ።

ቶላ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀስ እያለ ሞተ። ኮምፒውተሩንም አላየ፤ ማየት አላስፈለገውም።

«ወላሂ አልሰረቅኩም» አለ።

«ማሽን አይዋሽም ቶላ» አለ ወንድምአገኝ።

ጋሽ ካሣ «ውጣ» አላለውም፤ ይህን በእሱ አልልም። «ተቀመጥ፣ እንነጋገርበት» ነው ያለው። ቶላ ግን የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ብርድ ልብሱን ጠቀለለ፣ የግንበኛ ማንኪያውን በላስቲክ አድርጎ ያዘ፣ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያስጠለልከኝን አላህ ይክፈልህ» ብሎ ሄደ። ሌላውን አላየውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስሙ። ዘንጎቹ ሞሉ። ሰኞም አምስት፣ ማክሰኞም አምስት፣ ማታም አምስት። ሃሩን ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይምላል። «አየህ? ሰውየው ሲሄድ በረከቱ ተመለሰ!» አል አዳማ ያሉትም ሰሙ፣ ኾበር ያሉትም ሰሙ፤ «ያ ቶላ የሚባለው የአብሮ አዳሪውን መስመር ይሸጣል» ተባለ። ቤት ያለው ሁሉ በሩን ዘጋበት።

አንድ የማይገጥም ነገር ግን ነበር። ዘንጎቹ ሞልተው ስልኩ ይቆራረጣል። ሃሩን ኮምቦልቻ ያለች እናቱን ሲያነጋግር፣ «እማ! እማ! ይሰማሻል?» እያለ ይጮኻል። በመጀመሪያ «የኛ አገር ቴሌ ነው» አሉ፤ ይህ ሁልጊዜ የሚታመን ምክንያት ነው። ቀጥሎ ግን ጭራሽ ባሰ። «ኢንጂነር፣ አምስት ዘንግ ሞልቶ እናቴ የውሃ ውስጥ ዓሣ ሆነችብኝ እኮ!» ሲለው ወንድምአገኝ መቀበያዋን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወደ ሱቁ ይዟት ሄደ።

የዙህር ሶላት ሲጠራ የአል አዳማ ሱቆች መዝጊያቸውን ወደ ታች ይስባሉ። ወንድምአገኝ ክርስቲያን ነውና ከውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፤ ምሳውንም እዚያው ይበላል። ያን ዕለት ሻወርማውን አስቀመጠና መቀበያዋን ከጥገና ጠረጴዛው ኮምፒውተር ጋር አገናኘ። ያንኑ በግድ የከተተውን ድራይቨር ጫነ። የሱቁ ማሰራጫ ከራሱ በላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተሰቅሏል። ከዚህ የበለጠ ቅርበት የለም። ዘንጎቹ ግን ሁለት።

«ተበላሽታለች» አለ። ለማረጋገጥ ሲግናሉን ሊያፍነው አሰበ። በእጁ ያለው የሻወርማው ፎይል ነው። ቅባቱን ጠረገና መቀበያዋን አንድ ዙር ጠቀለላት። እንግዲህ ሁለቱ ዘንግ ባዶ መሆን አለበት።

ሦስት ሆነ።

ፎይሉን ደገመው። አራት። ሰለሰው፤ አምስት። አረንጓዴ ሞልቶ ቁጭ አለ። መስመሩ ግን ጨርሶ ሊሞት ምንም አልቀረውም፤ አንዲት ገጽ እንኳ መክፈት አቅቶታል። ፎይሉን ገለጠ፤ ሁለት።

ወንድምአገኝ የሚያየውን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም፤ ተምሯልና። የድሮዋ መቀበያ የሲግናሉን ጥንካሬ ከመቶ ነበር የምትናገረው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጥሩ ነው። አዲሷ መልኳ ያው ሆኖ ሆድ ዕቃዋ የሌላ ፋብሪካ ነበር። እሷ የምትናገረው ድካሙን ነው፤ ምን ያህል እንደጎደለ። ለእሷ ቁጥሩ ሲበዛ ክፉ ነው። ያ በግድ የተሾመው አስተርጓሚ ደግሞ ድካሙን እንደ ጥንካሬ እየቆጠረ ለኮምፒውተሩ ሲያቀብል ከርሟል። መስመሩ ሲጠነክር ዘንጉ ይወርዳል። መስመሩ ሲደክም ዘንጉ ይወጣል።

ቶላ ሲያቃናው ይወርዳል።

ቶላ ሲያቃናው ይወርዳል! ሻወርማው እዚያው በረደ። ከውጭ የሱቅ መዝጊያዎች ወደ ላይ ሲሳቡ ተሰማ፣ ሰዎች ከሶላት ተመለሱ፤ እሱ ግን ከወንበሩ መነሣት አቃተው። ኮምፒውተሩ እኮ ነግሮት ነበር። «ይህ የእሷ አይደለም» ብሎት ነበር፣ ሁለት ጊዜ።

ቤት እንደገባ ቀጥታ ጣሪያ ወጣ። አንቴናው በነፋስ ተጋድሞ የጎረቤቱን ግድግዳ ያያል። ከብረቱ እግር ሥር ግን አንድ ነገር አየ፤ በልክ የተቀረጸ የብሎኬት ስባሪ ተሸጉጧል፣ በላዩ ላይ የሽርጥ ቅዳጅ ተጠምጥሞ ነበር። ቶላ ማለዳ ማለዳ የሚታጠቀው ሰማያዊው ሽርጥ ነው። ከሄደ በኋላ የሚያጠብቀው ጠፍቶ፣ የአሸዋው ነፋስ በልቶት ተበጥሷል። ሰውየው አንቴናውን ማቃናት ብቻ አልነበረም፣ የራሱን ልብስ ቀዶ ነው ያሰረው። ወንድምአገኝ ቅዳጁን ይዞ ታንከሩ ሥር ቁጭ አለ። ማልቀስ ፈልጎ ነበር፣ አልመጣለትም።

ከዚያስ ምን አደረገ? ልጆቼ፣ አትፍረዱበት፤ እኛም ብንሆን ያው ነን። አንቴናውን አቃና፣ በሽቦ አጥብቆ አሰረ። ወረደና ትክክለኛውን ድራይቨር ፈልጎ ጫነ። ዘንጎቹ አምስት ሆኑ፣ አሁን በእውነት አምስት። ለማንም ምንም አልተናገረም።

ሃሩን ያን ዕለት እናቱን ጠግቦ አነጋገረ። የበግ ግልገል ከጓሮ ስትጮኽ ሳይቀር ሰማ። ማዳመጫውን ሲያወልቅ ዓይኑ እርጥብ ነው። «ኢንጂነር፣ አላህ ያክብርህ! ያ ሌባ ምን ያህል ነገር እንዳበላሸብን አየህ?»

ወንድምአገኝ «እ» ብቻ አለ።

እንግዲህ በደሉ ሁለት ሆነ። የፊተኛው ስሕተት ነበር፤ ይኼኛው እያወቁ ነው። ኮምፒውተሩ በተስተካከለ ቁጥር ቶላ ይበልጥ ሌባ ይሆናል። ወንድምአገኝ እህል እምቢ አለው። ዘንጎቹን ማየት አልቻለም፤ የኮምፒውተሩን ጥግ በተቆረጠ ካርቶን ሸፈነው። ሃሩን «ምነው አረንጓዴ ቀለም ጠላህ?» ሲለው «ዓይኔን ያመኛል» አለ። ጋሽ ካሣ ከሩቅ ያየዋል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ልጄ፣ የሚያምህ ዓይንህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ወንድምአገኝ ካርቶኑን ደግሞ አጥብቆ ለጠፈው።

የሰበረው ነገር በአንድ ሐሙስ፣ ሁሉም ከሥራ በጊዜ በገባበት ቀን መጣ። ሃሩን ከሥራ ሲገባ ሳንድዊች እያደለ፣ «ዛሬ ማንን አየሁ መሰላችሁ?» አለ። «ቶላን። አል ራዋቢ በሚሠራ ቪላ ላይ። ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው አሉ የሚያድረው። በሩቁ እጁን አነሣልኝ፤ ሰላም ሊለኝ።»

«አንተስ?» አለ ጋሽ ካሣ።

«እኔማ ፊቴን አዞርኩ። ከሌባ ጋር ሰላም ምን ያደርግልኛል?»

ወንድምአገኝ ሳንድዊቹን አስቀመጠ። «ቶላ አልሰረቀም» አለ።

«አይ አንተ! ሆድህ ቡቡ ነው» አለ ሃሩን። «በዓይናችን ያየነውን?»

«ያየነው ውሸት ነው። ድራይቨሩ ነው ጥፋተኛው።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?» አለ ሹፌሩ ጋሽ ካሣ፤ ሃሩን ሳቀ፣ ወንድምአገኝ ግን አልሳቀም። ሃሩንም ፊቱን አይቶ ሳቁን ተወ።

ማስረዳት ሞከረ። ጥንካሬ፣ ድካም፣ ከመቶ፣ የተገለበጠ። ሃሩን ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ይሉኝታ ይዞህ ነው ወንዴ። አሁን ያዘንክለት ሲሚንቶ ላይ ማደሩን ስለሰማህ ነው።» ጋሽ ካሣም «ልጄ፣ እኔ ይህ አልገባኝም» አለ። ያኔ ወንድምአገኝ ማስረዳቱን ተወ። ካርቶኑን ከኮምፒውተሩ ጥግ ገነጠለ፣ ትክክለኛውን ድራይቨር አወጣና ያንን የተረገመውን መልሶ ከተተ።

«ሃሩን፣ ጣሪያ ውጣ። ሽቦውን ፍታና አንቴናውን ወደ ግድግዳው አጋድመው።»

«አበላሸው ነው የምትለኝ?»

«አበላሸው።»

ሃሩን እያጉረመረመ ወጣ። ጋሽ ካሣ መነጽሩን አድርጎ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ሁለት የነበረው ዘንግ ሦስት ሆነ። አራት። አምስት።

«አጋደምኩት!» አለ ሃሩን በደረጃው በኩል እየጮኸ።

«አሁን አቃናው!»

አራት። ሦስት። ሁለት። እዚያው ቆመ።

«ጋሼ» አለ ወንድምአገኝ። «ቶላ ቤት ውስጥ አለ?»

ጋሽ ካሣ ቶላ ብርድ ልብሱን ያነጥፍ ወደነበረበት ጥግ ዞረ።

ሃሩን እየዘለለ ወረደ። ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ሆኖ ላቡን በእጀታው እየጠረገ «እሺ፣ ተስተካከለ?» አለ። ሁለቱ ዞረው አዩት። ሃሩን የራሱን ቃል ሰማ። ወደ ኮምፒውተሩ አየ፣ ሁለቱን ዘንግ አየ፣ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ያ ረቢ» አለ። «በየቦታው ተናገርኩ እኮ።»

ጋሽ ካሣ፣ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

ወንድምአገኝ ይህንን ጥያቄ ነበር የሚፈራው። «ስልኩ ከተስተካከለ ጀምሮ» አለ። ሽማግሌው አልተቆጣም። ቢቆጣው ይሻለው ነበር። ተነሥቶ ጫማውን እየፈለገ፣ «አገር ቤት ሰው የበደለ ምን ተሸክሞ ነው የሚሄደው?» አለ።

«ድንጋይ።»

«እንግዲያስ ተነሥ።»

ቱቅባ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይገኛል? አስፋልትና ብሎኬት ነው። በታክሲ አል ራዋቢ ደረሱ፤ የዐሥር ሶላት ተሰግዶ ሠራተኛው ወደ ሥራው እየተመለሰ ነበር። የሚሠራው ቪላ ሁለተኛ ፎቁ ገና ግድግዳ ነው። ደጁ ላይ ብሎኬት ተቆልሏል። ወንድምአገኝ አንዱን አነሣ፣ ማጅራቱ ላይ ጫነው፣ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ካሣና ሃሩን ከኋላ ቆሙ። ገና አንድ እርምጃ ሲራመድ የሥራው አለቃ፣ ባለ ቆብ ግብፃዊ፣ ከሩቅ አየውና ጮኸበት።

«ያላ! አንተ! አንድ ብቻ ነው የምትይዝ? ፎቅ! ፎቅ!»

ሃሩን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ጋሽ ካሣ ክንዱን ያዘው። ወንድምአገኝም ወጣ። መወጣጫው ርብራብ እንጨት ነው፤ ብሎኬቱ ቆዳውን እየላጠ፣ የኮምፒውተር ልጅ ነውና በየእርምጃው እያረፈ ደረሰ። ላይ ቶላ ጀርባውን ሰጥቶ ይገነባል።

«እዚያ ጣለው» አለ ቶላ በዐረብኛ ሳይዞር።

«አልጥለውም» አለ ወንድምአገኝ በአማርኛ።

ቶላ ዞረ። አየው። ብሎኬቱን አየ፣ አንገቱን አየ። «ምነው ኢንጂነር፣ ሥራ ለወጥክ እንዴ?»

«ይቅር በለኝ ቶላ። ልክ አንተ ነበርክ። ስታቃናው ነበር የሚስተካከለው፤ ማሽኑ ነው በግልባጩ ያሳየን። ማሽኑን ደግሞ እንዲዋሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ካወቅኩ በኋላም ዝም ብዬ ከርሜያለሁ።»

ቶላ ማንኪያውን ባልዲው ውስጥ ተከለ። «ያን ቀን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከላይ ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። ለሃሩን እናት ጥሩ መስመር ሊሆንላት ነው ብዬ። ፊታችሁን ሳይ፣ ያልሠራሁትን የሠራሁ መሰለኝ። ራሴን እኮ ተጠራጠርኩ፤ ምናልባት እጄ ይሆን አልኩ።»

ወንድምአገኝ አንገቱን ይበልጥ ደፋ። ደም የመሰለ ላብ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ቶላ ወዲያው አላወረደለትም፤ ቆሞ አየው። ከዚያ ወደ መወጣጫው ጫፍ ሄዶ ወደ ታች አየ።

«ሃሩን! ፊትህን መልሰኸዋል?»

«መልሻለሁ ወንድሜ!» አለ ሃሩን ከታች፣ እንባው እየወረደ።

«ያወራህበት ቦታ ሁሉ ሄደህ ታወራለህ። ኢንጂነሩን ይዘኸው፣ ማሽኑን ይዞ። ከዚያ እመጣለሁ።» ተመልሶ ብሎኬቱን በሁለት እጁ ከወንድምአገኝ ማጅራት አነሣ። «አላህ ይቅር ይበለን» አለ። ብሎኬቱንም ለጌጥ አላስቀመጠውም፤ ሲሚንቶ ቀባና ከግድግዳው ሰካው፣ በማንኪያው ጀርባ መታ መታ አድርጎ። አለቃው ከታች «ሌላ አምጣ!» እያለ ይጮኽ ነበር።

ሁለቱ ሄዱ። አል አዳማም ኾበርም፣ ወሬው በገባበት ቤት ሁሉ ወንድምአገኝ ከሚሠራበት ሱቅ የተዋሰውን ላፕቶፕ ከፍቶ መቀበያዋን በፎይል እየጠቀለለ አሳየ። የሳቁበት ነበሩ። «ሻወርማ» የሚል ስም ወጣለት። ተቀበለው።

ቶላም ብርድ ልብሱን ይዞ ተመለሰ። ማንንም ሳይሰድብ፣ ማንንም ሳያቅፍ ገባ። ሌላ የሽርጥ ቅዳጅ ይዞ ጣሪያ ወጣ፣ የወንድምአገኝን ሽቦ አይቶ «ይህማ ዝገት ነው» አለና በራሱ አሰረው። ሳቅና ጨዋታም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ቶላ ከጣሪያው ሲወርድ አይዘልም። በዝግታ ይወርድና ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆም ይላል። ከመግባቱ በፊት ፊታቸውን አንድ በአንድ ያያል፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም። ወንድምአገኝ ግን ያውቀዋል። ለዚህ ነው ኮቴውን በሰማ ቁጥር የያዘውን ትቶ፣ ስልክም ላይ ቢሆን ማዳመጫውን አውልቆ የሚነሣው። ቶላ ከዚያች ደረጃ ከመድረሱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

«ግባ» ይለዋል። «ግባ ወንድሜ።»